ማንን አየ፣ በማን እጅ ሰጠ፦ ስለ ህንድ 65ኛው ብሔራዊ የፊልም ሽልማት

እንደምን አመሻችሁ። ከስራም ከትምህርትም ቀጥታ ለመጣችሁ ሁሉ በጣም አመሰግናለሁ፣ ፊልም የምትሰሩም ማየት ብቻ የምትወዱም እንዳላችሁ ስለማውቅ ለሁላችሁም በሚሆን መልኩ ለማውራት እሞክራለሁ።

የማወራው ስለ አንድ የሽልማት ፕሮግራም ነው፣ የኛ አገር አደለም፣ የህንድ ነው። 65ኛው የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ይባላል፣ የተካሄደው ሚያዝያ 25 ቀን 2010 ዓ.ም ኒው ዴልሂ ቪግያን ባቫን በሚባለው አዳራሽ ነው፣ በፈረንጆቹ ሜይ 3 ቀን 2018 መሆኑ ነው። ከዚ በኋላ አመቶቹን በፈረንጅ እየጠራሁ እቀጥላለሁ፣ እንዳይምታታብን። ከስንቱ የሽልማት ፕሮግራም ይሄን የመረጥኩት በአንድ አመት ውስጥ ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለታየበት ነው፤ አንድ አገር አቀፍ ሽልማት ሊሰራ የሚችለው ትልቁ ነገርም እዛ ላይ ተሰራ፣ ሊያበላሸው የሚችለው ነገርም እዛው ላይ ተበላሸ።

እኛ ጋ የህንድ ፊልም ሲባል ሁላችንም ወደ አይምሯችን የሚመጣው ሂንዲ ነው። መርካቶ ሲኒማ ራስና አዲስ ከተማ እየገቡ ያደጉት ታላላቆቻችንም ያዩት ሂንዲውን ነው፣ በቅርቡ ደሞ በአማርኛ ድምፅ እየተቀዳ በቲቪ የመጣው ተከታታይ ድራማ ከዛው መንደር ነው። ግን ህንድ ውስጥ ፊልም የሚሰራባቸው ቋንቋዎች ብዛት ሌላ ነው፣ ታሚል አለ፣ ቴሉጉ አለ፣ ማላያላም፣ ቤንጋሊ፣ ማራቲ፣ ካናዳ (አገሩን ሳይሆን ቋንቋውን ነው የምላችሁ)፣ አሳምኛ፣ እያለ ይቀጥላል። እና ብሔራዊ ሽልማቱ ከመነሻው የተሰራው ለነዚህ ሁሉ ነው። በ1954 ሲጀመር፣ የ1953 ፊልሞችን አወዳድሮ፣ የመጀመሪያውን የምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደው የማራቲ ፊልም ነበር። በሶስተኛው አመት ደሞ ሳትያጂት ራይ በቤንጋሊ የሰራው የመጀመሪያ ፊልሙ ወሰደ፣ በኋላ አለም ሁሉ ያወቀው ፊልም ነው። ለአክተሮች መሸለም የተጀመረው ግን ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ለ1967 ፊልሞች፣ የመጀመሪያዋ የምርጥ ሴት ተዋናይ አሸናፊም ናርጊስ ናት። እናቶቻችን ስሟን ሲሰሙ የሚያለቅሱላት ናርጊስ፣ አዎ።

አሰራሩን በደንብ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው አሰራሩ ላይ ነው። አንድ ፊልም ለውድድር የሚገባው ሲኒማ ቤት ስለታየ ወይም ብር ስላመጣ አደለም፣ በዛ አመት ከጥር እስከ ታህሳስ በፈረንጅ አቆጣጠር የሳንሱር ቦርዱን ሰርተፍኬት ካገኘ በቃ ይገባል። ይሄን ልብ በሉልኝ። አንድ ቀን እንኳን ሲኒማ ቤት ያልገባ፣ አከፋፋይ ያጣ፣ ፖስተር የሌለው ፊልም ባሁባሊን ከመሰለ ብዙ ብር ያመጣ ፊልም ጋ እኩል ዳኞች ፊት ይቀርባል ማለት ነው። ከዛ ደሞ ዳኝነቱ ሁለት ደረጃ አለው፣ መጀመሪያ በየክልሉ የተዋቀሩ ዳኞች የአካባቢያቸውን ቋንቋ ፊልሞች ያያሉ፣ እነሱ ያሳለፉትን ነው ማእከላዊው ጁሪ ዴልሂ ላይ ተቀምጦ የሚያየው፣ ስለዚ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳያየው የሚወድቅ ፊልም እንዳይኖር ታስቧል። ከዛ በተጨማሪ በህገ መንግስቱ ዝርዝር ውስጥ ላሉት 22 ቋንቋዎች ለእያንዳንዳቸው ምርጥ ፊልም የሚል ሽልማት አለ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ለሌሉ ቋንቋዎችም በሩ ክፍት ነው። ብሩ ብዙ አደለም፣ በዛን ጊዜ ምርጥ ፊልም የወርቅ ሎተስ የሚባል ሜዳልያና 250,000 ሩፒ ነው፣ ምርጥ ተዋናይ የብር ሎተስና 50,000 ሩፒ። ለቦሊውድ ስታር ይሄ ብር ምንም አደለም። ዋናው ነገር ክብሩ ነው፣ ክብሩ ደሞ ከማን እጅ ነው የሚመጣው የሚለውን በኋላ እመለስበታለሁ።

እሺ፣ የዛን አመት አሸናፊዎች። ጁሪውን የመራው ዳይሬክተሩ ሼካር ካፑር ነው፣ ውጤቱ ኤፕሪል 13 ይፋ ሆነ። ምርጥ ፊልም፦ ቪሌጅ ሮክስታርስ፣ በአሳምኛ፣ ዳይሬክተር ሪማ ዳስ።

ስለዚች ሴትዮ ትንሽ ቆም ብዬ ላውራ። ሪማ ዳስ የአሳም ልጅ ናት፣ አሳም ማለት ከህንድ ሰሜን ምስራቅ ጫፍ፣ ሻይ ቅጠሉ የሚመጣበት፣ ብራህማፑትራ ወንዝ በየአመቱ እየሞላ መንደር የሚያጥለቀልቅበት ቦታ ነው። ሙምባይ የሄደችው አክተር ለመሆን ነበር፣ አልሆነላትም። የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፣ ፊልም እያየች ራሷን አስተማረች። ከዛ ቻይጋኦን አካባቢ ወዳለው የትውልድ መንደሯ ተመለሰችና እዛው የሚኖሩ ህፃናትን ሰብስባ፣ ትወና የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ልጆች፣ በአንዲት የካኖን ፎቶ ካሜራ መቅረፅ ጀመረች። አብሯት የሚሰራ የፊልም ቡድን የለም። ራሷ ፃፈች፣ ራሷ ዳይሬክት አደረገች፣ ራሷ ካሜራ ያዘች፣ ራሷ ኤዲት አደረገች፣ ፕሮዲውስም ያደረገችው ራሷ ናት። ድምፁን የቀዳችላት ዘመዷ ማሊካ ዳስ ናት። ቀረፃው አመታት ፈጀ፣ ልጆቹ ፊልሙ ውስጥ እያደጉ፣ ጎርፉ ሲመጣ ጎርፉን እየቀረፀች፣ ሲደርቅ ደረቁን እየቀረፀች።

ታሪኩ ምንድነው ብትሉኝ፣ ዱኑ የምትባል የ10 አመት ልጅ ጊታር ፈለገች፣ አለቀ። እናቷ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት፣ ጊታር ቀርቶ እርሻውን ጎርፍ ይበላዋል። ልጅቷ ከወንዶቹ ጋ ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ ከፎም ጊታር ሰርታ ትጫወታለች፣ የመንደሩ ሴቶች ሴት ልጅ እንደዚ አትሆንም እያሉ ይነተርኳታል፣ እናትየው ግን ከልጇ ጎን ትቆማለች። እኔ ይሄን ፊልም ሳይ ከሁሉ በላይ የገረመኝ እናትየዋ ናት፣ ድህነቷን አታስለቅስበትም፣ ዋና ታስተምራታለች እኮ ልጇን፣ አባትየውን ውሃ ስለወሰደው።

ይሄ ፊልም አራት ሽልማት ወሰደ፦ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ኤዲቲንግ፣ ምርጥ የቀረፃ ቦታ ድምፅ ለማሊካ ዳስ፣ እና ምርጥ ህፃን ተዋናይ ዱኑን ለሰራችው ለባኒታ ዳስ። የአሳምኛ ፊልም ትልቁን ሽልማት ሲወስድ ከጃህኑ ባሩዋ የ1987 ፊልም በኋላ የመጀመሪያው ነው፣ 30 አመት አካባቢ መሆኑ ነው። በኋላም ህንድ ይሄንኑ ፊልም ለኦስካር ላከችው። አስቡት፣ ባሁባሊ ሁለት በዛው አመት ነው የተወዳደረው፣ የህንድን ቦክስ ኦፊስ ያናወጠው ፊልም፣ እሱም የሚገባውን አገኘ፣ ምርጥ ተወዳጅ ፊልም፣ ምርጥ ስፔሻል ኢፌክት፣ ምርጥ አክሽን ተብሎ ተሸለመ። ትልቁ ግን ወደ መንደሩ ሄደ።

ሌሎቹንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሪማ ዳስ ብቻ አደለችም። የዛን አመት በላዳኪ ቋንቋ የተሰራ ፊልም አሸንፏል፣ ሂማላያ ተራራ ላይ ያለ የ10 አመት ልጅ የጓደኛውን የትምህርት ቤት ወንበር ሰብሮ ለማሰራት ወንበሩን ተሸክሞ በተራራ መንገድ ሲጓዝ ነው፣ ሌላ ታሪክ የለውም፣ በድምፅ ስራም ተሸልሟል። ጀሳሪ የሚባል ቋንቋ አለ ደሞ፣ ላክሻድዊፕ በሚባሉት የህንድ ደሴቶች የሚነገር፣ የደሴቶቹ ህዝብ ጠቅላላ 65 ሺ ገደማ ነው፣ እና በዛ ቋንቋ የተሰራው የመጀመሪያው ፊልም በቋንቋው ምርጥ ተባለ፣ ዳይሬክተሩም የምርጥ ጀማሪ ዳይሬክተር ሽልማት አገኘ። ይሄን ፊልም ማን ስፖንሰር ያደርገዋል? ማንስ ይገዛዋል? ገበያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም።

ምርጥ ዳይሬክተር የተባለው ጃያራጅ ነው፣ በማላያላም ለሰራው ባያናካም። የሱም ታሪክ ልብ ይነካል፦ ኬረላ ውስጥ፣ ውሃ በከበበው ኩታናድ በሚባል አካባቢ፣ የመጀመሪያው የአለም ጦርነት እግሩን ያሳጣው አንድ ፖስተኛ አለ፣ በጀልባ እየዞረ ውትድርና የሄዱ ልጆች ለቤተሰባቸው የላኩትን ብር ያድላል። ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ እግሩ መልካም ነው ይሉታል። ከዛ ሁለተኛው የአለም ጦርነት ይመጣና ያው ፖስተኛ የሞት ቴሌግራም ማድረስ ይጀምራል። ያው ሰውዬ፣ ያው ጀልባ፣ ያው ቦርሳ፣ አሁን ግን ሲመጣ ሰው በሩን ይዘጋል። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር የምታውቁ ሰዎች ይሄን ፊልም ብታዩት ከኔ በላይ ይገባችኋል። ማላያላም ደሞ ለኛ ሩቅ መሆን አልነበረበትም፣ በጃንሆይ ጊዜ በየክፍለ ሀገሩ ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩት የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ነበሩ፣ ቤታቸው ሲገቡ የሚያወሩት ቋንቋ ይሄ ነው። አያቶቻችንን ያስተማሩትን ሰዎች ቋንቋ ፊልም አይተን አናውቅም፣ ያሳዝነኛል።

ወደ ተዋናዮቹ ስመጣ፣ ምርጥ ወንድ ተዋናይ የ19 አመቱ ሪዲ ሴን ሆነ፣ በቤንጋሊ ፊልም። ምርጥ ሴት ተዋናይ ስሪዴቪ፣ ሞም በሚባለው ፊልም። ስሪዴቪን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ገና በ4 አመቷ ካሜራ ፊት የቆመች፣ በታሚል፣ በቴሉጉ፣ በማላያላም፣ በካናዳ፣ በሂንዲ የሰራች፣ ይሄ ሞም የሚለው ፊልሟ 300ኛዋ ነው ተብሎ የወጣ፣ ሀምሳ አመት ሙሉ ስትሰራ ግን ይሄን ሽልማት አንድም ቀን አላገኘችም። አሁን አገኘች፣ ግን የለችም፤ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2018 ዱባይ ውስጥ ሞታለች። ሼካር ካፑር በ1987 ዳይሬክት ያደረጋት ሰው ስለሆነ ለዝምድና ሰጣት እንዳይባል ተጨንቆ፣ በየጠዋቱ ዳኞቹን ድጋሚ ድምፅ ስጡ ይላቸው እንደነበር፣ ስለሞተች ብላችሁ እንዳትሰጧት ለሌሎቹ ተዋናዮች ፍትህ አይሆንም እያለ ይከራከር እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ያም ሆኖ በየቀኑ የሷ ስም ወጣ። ሽልማቱን ባሏ ቦኒ ካፑርና ሁለት ሴት ልጆቿ ተቀበሉ፣ ትልቋ ጃንቪ የእናቷን ሳሪ ለብሳ። የህይወት ዘመን ክብሩም፣ የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት፣ በ2017 ለሞተው ለተዋናዩ ቪኖድ ካና ነው የተሰጠው፣ እሱንም ቤተሰቡ ነው የተቀበለው። ስለዚ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያውም ሀዘን ያጠላበት ነበር።

አሁን ወደ ተበላሸው ነገር ልምጣ።

ይሄ ሽልማት በተለምዶ የሚሰጠው በህንድ ፕሬዝዳንት እጅ ነው። ትልቁ ሽልማት ድሮ ስሙ ራሱ የፕሬዝዳንቱ የወርቅ ሜዳልያ ነበር። ሰዉ ከየክልሉ፣ ከየተራራው፣ ከየደሴቱ የሚመጣው ለዛ ነው፣ ብሩማ በባንክ ይላካል። በዋዜማው፣ ሜይ 2፣ ተሸላሚዎቹ ለልምምድ አዳራሽ ሲገቡ ተነገራቸው፦ ፕሬዝዳንት ራም ናት ኮቪንድ የሚሰጡት 11 ሽልማት ብቻ ነው፣ የቀረውን የማስታወቂያ ሚኒስትሯ ስምሪቲ ኢራኒ ናቸው የሚሰጡት። ተሸላሚው ከመቶ በላይ ነው። ሰዎቹ የደረሳቸው ግብዣ ፕሬዝዳንቱ ይሸልማሉ የሚል ነበር፣ እናት አባታቸውን ይዘው የመጡ አሉ፣ እና ባንድ ምሽት እናንተ አንደኛ ደረጃ እናንተ ሁለተኛ ደረጃ ተባሉ። ከ60 በላይ ተሸላሚዎች ደብዳቤ ፅፈው ፈረሙ፣ በተከበርንበት ቀን የተዋረድን ያህል ተሰምቶናል የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። መልስ ስላላገኙ በማግስቱ ከ50 በላይ የሚሆኑት አዳራሹ ውስጥ አልተገኙም። ምርጥ ረዳት ተዋናይ የተባለው ፋሃድ ፋሲል እንኳን ሽልማቱን ሳይወስድ ተመለሰ። የሱዳስ፣ ያ ትልቁ ዘፋኝ፣ እና ጃያራጅ ደብዳቤው ላይ ፈርመው ፕሮግራሙ ላይ ግን ተገኙ፣ ለዚም ከኬረላ የመጡት ጓደኞቻቸው በጣም ተቀየሟቸው።

የቤተ መንግስቱ መልስ ፕሬዝዳንቱ ስራ ከጀመሩ ጊዜ ጀምሮ በማንኛውም የሽልማት ፕሮግራም ከአንድ ሰአት በላይ አይቆዩም፣ ይሄንንም ለሚኒስቴሩ ከሳምንታት በፊት አሳውቀናል የሚል ነው። እሺ ይሁን። ግን አሳውቀው ከነበረ ለምንድነው አርቲስቶቹ በዋዜማው የሰሙት? በኔ እምነት ጥፋቱ እዚ ጋ ነው። የፕሬዝዳንት ጊዜ ውድ ነው፣ ማንም አይክድም፣ ግን ማነው አስራ አንዱ ውስጥ የገባው ማነው ያልገባው ብላችሁ ስታዩ የቀረው የድምፅ ባለሙያው ነው፣ የአልባሳት ዲዛይነሩ ነው፣ ዶክመንተሪ ሰሪው ነው፣ የትንንሽ ቋንቋዎቹ ሰው ነው። ያ ሽልማት ቋንቋ ከቋንቋ አልለይም፣ ሙያ ከሙያ አልለይም ብሎ ነው 64 አመት የቆመው፣ ዳኞቹ ያን ሁሉ ለፍተው አንድ አድርገው ያመጡትን ህዝብ ፕሮቶኮሉ መድረኩ ላይ በሁለት ከፈለው። ሪማ ዳስን ከመንደሯ ፈልጎ ያወጣ ሽልማት እንደዚ ማድረግ አልነበረበትም፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

በሚቀጥለው ዙር፣ ዲሴምበር 2019፣ ሽልማቱን ምክትል ፕሬዝዳንቱ ቬንካያ ናይዱ ሰጡ፣ ከ2022 ጀምሮ ግን ፕሬዝዳንት ድሮፓዲ ሙርሙ ራሳቸው ቆመው ወደ መስጠቱ ተመልሰዋል። በሴፕቴምበር 2025 በተደረገው 71ኛው ላይ ሻህሩክ ካን ከቪክራንት ማሴ ጋ ተጋርቶ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሽልማት ሲቀበል ከሳቸው እጅ ነው፣ ከሰላሳ አመት በላይ ሰርቶ። ፎቶውን ያያችሁት ይመስለኛል፣ ሰውዬው በህይወቱ ስንት ዋንጫ ወስዷል፣ እዛ መድረክ ላይ ግን ፊቱ ሌላ ነበር።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት እኛም የራሳችን ሽልማቶች ስላሉን ነው። ጉማ አለ፣ በግል ሰዎች ልፋት የቆመ ትልቅ ስራ ነው፣ መንግስት ሳይሆን የፊልም ባለሙያ ራሱ ተነስቶ ነው የጀመረው፣ ለዛ ክብር ይገባዋል። ግን ከ80 በላይ ቋንቋ ያላት አገር ናት፣ እና የኢትዮጵያ ፊልም ስንል አብዛኛው ሰው የሚያስበው አዲስ አበባ ተቀርፆ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የታየ የአማርኛ ፊልም ነው፣ ልክ እኛ ህንድን በሂንዲ ብቻ እንደምናያት። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ፊልም የሚሰሩ ልጆች አሉ፣ ዩቲዩብ ላይ ለቀው እዛው የሚቀሩ። አንዲት ልጅ ጂንካ ወይ አሳይታ ቁጭ ብላ በስልኳ ፊልም ብትሰራ የትኛው ዳኛ ነው የሚያየው? ቋንቋውን የሚሰማ ዳኛስ አለ ወይ? እንደኔ ከህንድ መውሰድ ያለብን ይሄን የሁለት ደረጃ ዳኝነት ነው፣ በየክልሉ መጀመሪያ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይየው፣ ሲኒማ ቤት ገባ አልገባ አይጠየቅ፣ ሰብታይትል ይሰራለት። ሰብታይትል ደሞ የሚያወጣው ወጪ ከአንድ የሽልማት ምሽት የአዳራሽ ዲኮር በታች ነው። ሌላው ደሞ ካሸነፈ በኋላ ፊልሙ ይታይ። ህንድ ውስጥ በ80ዎቹ ዱርዳርሻን የሚባለው የመንግስት ቲቪ የተሸለሙትን የየቋንቋውን ፊልሞች እሁድ ከሰአት ከነፅሁፍ ትርጉማቸው ለመላው አገር ያሳይ ነበር፣ የታሚል ሰው የአሳምን ገበሬ ያየው በዛ ነው። እኛ ጋ ይሄን ለማድረግ ጣቢያው አለ፣ ሰአቱ አለ፣ ፊልሙም አለ።

ፕሮግራም የምታዘጋጁ እዚ ውስጥ ካላችሁ ደሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የድምፅ ባለሙያውንና የኤዲተሩን ሽልማት ማስታወቂያ እየሄደ ወይም ቀጥታ ስርጭቱ ሳይጀምር አትስጡ። ስማቸውን በትክክል አጣርታችሁ ጥሩ፣ ምን እንደሰሩ ባንድ አረፍተ ነገር ተናገሩላቸው፣ ትልቁን ተዋናይ የሸለመው ሰው እነሱንም ይሸልም። ሰአት ካጠረ የሚቀነሰው የባለስልጣን ንግግር ይሁን።

ሪማ ዳስ ከዛ በኋላ አልቆመችም፣ ቀጣዩ ፊልሟ ቡልቡል ካን ሲንግ በ66ኛው ምርጥ የአሳምኛ ፊልም ተባለ፣ በ2024 ደሞ ወደዛችው መንደር ተመልሳ ያቺኑ ዱኑን፣ አሁን ትልቅ ልጅ ሆና፣ ቀርፃ ደቡብ ኮርያ በሚካሄደው ቡሳን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመች። የመጀመሪያውን ፊልም አሁን ለሻይ ከወጣን በኋላ እዚሁ እናየዋለን፣ ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ንግግሩ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይቸገርም። ከዛ በፊት ስለ ዳኝነቱ አሰራር ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ማይክ ከኋላ ይጀምር።